ያልተከፈተው ካርቶን

የእህቴ ባል «አህያ የተሸከመችውን አታውቅም» ያለኝ የሴት ልጁ ልደት ዕለት ነው። ኬኩ ገና አልተቆረሰም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል። ለልጅቷ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን መጫወቻ፣ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ጡብ፣ ይዤ ሄጄ ነበር። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለሰው አሳየና፣ «አማቼ ዕድሜ ልኩን ዕቃ ተሸክሞ ዕቃ መለየት አቃተው» አለ። ተሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ዛሬም በየተራ እጠራልሃለሁ።

ዛሬ ደግሞ ራሱ ደውሎ ጠራኝ። ገዢ ተገኝቷል፤ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠውን ትልቁን ካርቶን መኪና ድረስ የሚያወርድ ሰው ይፈለጋል። ለተሸካሚ ከመክፈል አማች ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ግንብ ላይ ተጠምጥሟል። ሰው ሁሉ ካበደለት የጠንቋዮች ፊልም የተወሰደ ግንብ ነው፤ በፕላስቲክ ጡብ የሚገጣጠም። የእህቴ የአንገት ሐብል ተሸጦ ነው የተገዛው። ልጅቷ ግን እንድትነካው አልተፈቀደላትም። «ካልተከፈተ ዋጋው ይጨምራል» ይላል አባቷ፣ እንደ ጸሎት።

«እስቲ አንተ ፍረድ» አለኝ ሶፋው ላይ እግሩን እንደሰቀለ። «የጠራሁትን ዋጋ ያወጣል አያወጣም?»

«ፕላስቲክ ነው።»

«ፕላስቲክማ የእግር መታጠቢያህም ፕላስቲክ ነው! ይሄ ፈቃድ ያለው ነው፣ ሰውዬ። የፊልሙን ማኅተም አየኸው? ፋብሪካው ማምረት አቁሟል። ከእንግዲህ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም።»

«ስሙን ነዋ የምትሸጠው።»

«ስም የሌለው ሰው ስለ ስም ምን አገባው?»

ወንበር ጎትቼ ቁም ሳጥኑ ሥር አቆምኩ። ስድብ መዋጥ ለምጃለሁ።

እህቴ የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ልጅቷ ቀሚሷን ይዛለች። የበሩ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ ክፍተቱ በወፍራም ወረቀት ተሸፍኗል። ምን ሰበረው ብዬ ስጠይቃት «ንፋስ» ብላኝ ነበር። ጓዳው መስኮት የለውም።

«ወንድምዓለም፣ ቀስ ብለህ» አለችኝ። ከንፈሯ ደርቋል።

ወንበር ላይ ወጥቼ ካርቶኑን ሳብኩና ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። ክብደቱ ደህና ነው። ዘንበል ሳደርገው ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ጥግ ፈሰሰ። ጡብ በየከረጢቱ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ይንኳኳል እንጂ አይፈስም። እንዲህ የሚፈስ ነገር ጀርባዬ ያውቀዋል። ባቄላ ነው።

ታቹን በጣቴ ዳሰስኩ። በማሸጊያው ላይ ሌላ ፕላስተር ተደርቧል፤ ጠርዙ በጥፍር ተጭኖ ተጭኖ ተለጥፏል።

ቀና ስል እህቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ልጅቷም ታየኛለች፤ እሷ ግን አልፈራችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ ዝም በል ትለኛለች። በሌላው እጇ ጭብጥ መሃል አረንጓዴ የዘንዶ ክንፍ ብቅ ብሏል።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እሱ ሥራ ሲሄድ እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው ግንቡን ይሠራሉ፤ ኮቴውን ሲሰሙ አፍርሰው ይደብቃሉ። እህቴ ካርቶኑ እንዳይቀልበት ባቄላውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝና ሞልታለች። ድምፁን አላሰበችም። ገዢ ይመጣል የተባለው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ባሏ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ከሶፋው አልተነሳም። ጡቦቹን መልሳ የምትከትበት ፋታ አላገኘችም።

«ምነው ተገተርክ? ከበደህ?» አለ።

መልሱ አፌ ላይ መጣ። «ባቄላ ስትጠብቅ ነው የከረምከው» ብል የዚያን ቀን ሳቅ ሁሉ ተገልብጦ ወደ እሱ ይዞር ነበር። ቃሉን በምላሴ አገላበጥኩት። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ዓይኔ ግን ወረቀት የተለጠፈበት በር ላይ አረፈ።

ስልኩ ጮኸ። አየት አድርጎ ዘሎ ተነሳ።

«ገዢው ደረሱ! ጠረጴዛው ላይ አድርገው። መጀመሪያ ማየት ይፈልጋሉ። አይከፍቱትም፤ ነቅነቅ አድርገው በጆሯቸው ነው የሚለዩት አሉ። እኚህ ሰው አይሸወዱም!»

ሸሚዙን ሊቀይር ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ እያፏጨ።

እህቴ ተጠጋችኝ። «አንተን ምንም አያደርግህም» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ በለው። ልደቷ ቀን አውርጄ ጡቦቹን ወሰድኩ በለው። ይሰድብሃል፣ ያባርርሃል፣ በቃ። እኔን ግን...»

ወረቀት ወደ ተለጠፈበት በር ተመለከተች። ልክ ናት፤ አንድ ቃል ብተነፍስ ታመልጣለች። ግን ሌባ ልባል ነው? ያውም በሱ አፍ? ተሸካሚ፣ አህያ፣ አሁን ደግሞ ሌባ፤ በየልደቱ፣ ኬክ በተቆረሰ ቁጥር? በዚህ ሁሉ ዘመን የሰው ዕቃ ከእጄ ጎድሎ አያውቅም።

ካርቶኑን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት። ካፖርቴን አነሳሁ። እህቴ ክንዴን ያዘች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኩ።

ደረጃው ላይ አንድ ሽማግሌ እያለከለኩ ይወጣሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የዘንዶው ግንብ የሚሸጥበት ቤት ይሄ ከላይ ያለው ነው? ከዚያ ነው የምትወጣው?» ፈገግ አሉ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ይህን ሁሉ ደረጃ ከወጣሁለት አይቀር፣ ለዋጋው የሚበቃ ዕቃ ነው?»

ግድግዳውን ተጠግቼ አሳለፍኳቸውና ዝም ብዬ ወረድኩ። ከላይ በሩ ተከፈተ። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ወንበር ተጎተተ፤ ልጅቷ አጎቷ ምስጢሯን እንደጠበቀላት ሁሉ ትስቃለች።