ሰባት ተኩል ማንኪያ

አቶ ያየህ ሳል የጀመራቸው በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ሞጣ አራት ዓመት በጸሐፊነት ሠርተው ወደ ቢቸና ከተመለሱ ስምንተኛ ዓመታቸው ነበር። ቁጥር ያምናሉ፤ ሰው አያምኑም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከፋለ አንድ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ሰጣቸው።

"ሃያ ሁለት ተኩል ማንኪያ ይይዛል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ተኩል ይውሰዱ።"

አቶ ያየህ ቤታቸው ገብተው ወረቀት አወጡ። የጠርሙሱንም የቀኑንም ልክ ወደ ግማሽ ማንኪያ ለወጡና አርባ አምስትን ለአምስት አካፈሉ። ዘጠኝ ቀን።

ጠርሙሱ ግን በስድስተኛው ቀን ማታ ባዶ ሆነ። እሳቸው የጠጡት አሥራ አምስት ማንኪያ ነው። ሰባት ተኩሉ የለም።

"ካሰች፣ መድኃኒቱ የት ገባ?" አሉ ሚስታቸውን።

"ጠጡት እንጂ የት ይገባል?" አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

ካሰች በሃያ ዓመት ታንሳቸዋለች። ሰሞኑን አመሻሽ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣለች። "ጸሎት ላደርስ ነው" ትላለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ላይ ሆኖ ሳለ እሷ ወደ ገበያው ትወርዳለች።

ሰባት ተኩልን ለሁለት ተኩል አካፈሉ። ሦስት። የአንድ ወንድ የሦስት ቀን መድኃኒት!

በማግስቱ ለከፋለ ነገሩት። ከፋለም አሰላ።

"ሰባት ተኩሉ በስድስት ቀን ከጎደለ በቀን አንድ ማንኪያ ከሩብ ይደርሳል። ይህ ለጎልማሳ ምን ይረባዋል?"

"ሌባ ጥቂት በጥቂት ነው የሚሰርቀው" አሉ አቶ ያየህ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ጋብቻቸውን ያስፈጸሙትን ሽማግሌ፣ አቶ ደምለውን፣ ለምስክር ይዘው ካሰችን ተከተሏት።

"ያየህ፣ ተው፤ ነገ ጠይቃት" አሉ አቶ ደምለው።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወንዱን ዛሬ እይዘዋለሁ።"

ካሰች ከገበያው ጀርባ ካለች አንዲት ደሳሳ ቤት ገባች። አቶ ያየህ በሩን በከዘራቸው መቱት።

የከፈተችው ሌላ ሴት ናት፤ አቶ ያየህ ሞጣ ሳሉ የሚያውቋት። እንዳየቻቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ውስጥ ወንድ የለም። መደቡ ላይ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታ ትስላለች። ካሰች ከብልቃጥ ወደ ማንኪያ እየቀዳች ነበር። አልደነገጠችም። ማንኪያውን ለልጅቱ አጠጣቻትና ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችላት።

"ይርጋለም፣ ተነሽ፤ የአባትሽን ጉልበት ሳሚ።"