በቆመ መኪና የሚዞር ፋን

ጥላዬ ቤንዚን ከተወደደ ወዲህ መኪናውን ግቢ አቁሞ በእግሩ ነው የሚሄደው። ዛሬ ሳይታሰብ ለምሳ ሲገባ የመኪናዋ ፋን ብቻውን ይሽከረከራል። ባለፈው ሽቦዋን የነካካውን ኤሌክትሪሻን ከመንገዱ ማዶ ጎትቶ አመጣው።

«እንድመላለስልህ ብለህ አበላሸህብኝ አይደል? ሰውን ማመን ቀብሮ ነው!»

ኤሌክትሪሻኑ ፊውዙንም፣ ሪሌውንም፣ ሽቦውንም ፈተሸ። «ጋሼ፣ ፋኑ ጤነኛ ነው። ሞተር ሲግል ይዞራል። ይኸው፣ ኮፈኑ ራሱ ይፋጃል።»

«አንዱ ቁልፍ ከኪሴ፣ ሌላው ከቁም ሳጥኔ አልወጣ! ማን አጋለው?»

ሚስቱ በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች። መንዳት አስተምረኝ ባለችው ቁጥር «በዚህ ቁመትሽ እግርሽ ፍሬን አይደርስም» እያለ በሰው ፊት ሲስቅባት ኖሯል።

«ውሸትህን አስነስቼ አሳይሃለሁ!» ብሎ ጥላዬ መኪናዋ ውስጥ ዘሎ ገባ።

ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል።