የሴቶቹ በር ጫማ

እህቴ ትሕትና ከሱቅ የበረዶ ቡት ሰርቃ ተፈረደባትና አምና ወደ አዲስ አበባ ዲፖርት ተደረገች። የሄደችበትን ቀይ ጫማ የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ በተሰረቀ ጫማ አገሯ እንድትገባ አልፈለግሁም።

ዛሬ ሴንት ፖል ከተማ ባለው ቤተክርስቲያናችን ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ ወጣ። የሴቶቹን በር ልቆልፍ ስል የጫማ መደርደሪያው ላይ የእኔ ቡት የለም። በቦታው የእሷ ቀይ ጫማ ተቀምጧል። ውጭው በረዶ ነው፤ ጫማው ግን ደረቅ አቧራ ለብሷል።

በቪዲዮ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ አሁን ከሠርክ ጸሎት ስወጣ ጫማዬን አጣሁት» አለች እየሳቀች። «በሩ ላይ የቀረውን አድርጌ መጣሁ። አንቺ የእኔን አድርጊው።»

ስልኩን ወደ እግሯ አዞረችው።

ቡቴ ላይ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም።