የተጠቀለለው ካርታ

ሰዓት ሠሪው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቴሌስኮፑን ነክቶት አያውቅም። ተወርዋሪ ከዋክብት በሚበዙበት ሰሞን እሱ ሌንስ ሲመርጥ፣ እሷ የሰማዩን ካርታ ይዛ አቅጣጫ ስትነግረው ነበር የኖሩት። ዘንድሮ ግን ልጁ፣ «አባዬ፣ እስከ መቼ? ዛሬ አብረን እናያለን» ብላ ድርቅ አለችበት።

ገና ሳይመሽ ሌንሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረና አንድ በአንድ እያነሣ በመስኮቱ ብርሃን ያያቸው ጀመር።

«አንተ ስትመርጥ ከዋክብቱ ወርደው ያልቃሉ» አለችው ልጁ።

«ይኼኛው በጣም ያቀርባል፤ ኮከቡ ውልብ ብሎ ያመልጠናል። ሰፋ አድርጎ የሚያሳየው ይሻላል።»

ልጁ ካርታውን ዘረጋችው። ተጠቅልሎ ስለከረመ ግን ለቀቅ ባደረገችው ቁጥር መልሶ ይጠቀለላል። «የሚጫነው ኩባያ ላምጣ» ብላ ወደ ኩሽና ሄደች።

እሱ አጎንብሶ ሰፊውን ሌንስ መግጠም ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ካርታው ተዘርግቶ በዓይኑ ጥግ ታየው።

«መጣሽ? እስቲ ትንሽ ወደ ግራ አዙሪልኝ።»

ካርታው ወደ ግራ ዞረ።

«ተባረኪ። ትንሽ ጨምሪ… በቃ፣ እዚያው ላይ።»

ካርታው እዚያው ላይ ቆመ።

«አባዬ!» አለች ልጁ ከኩሽና ጮክ ብላ። «ኩባያዎቹን የት ነው የምታስቀምጣቸው?»

ሰዓት ሠሪው ሌንሱን መግጠሙን ተወ። ቀና ብሎ ለማየት ግን አልደፈረም። ካየ የምትሄድበት መሰለው።

«ቀስ ብለሽ ፈልጊያቸው፣ ልጄ» አላት፣ እንዳጎነበሰ። «አትቸኩዪ።»