ፋብሪካው መልስ እስኪሰጥ

መስኮቱን ሊዘጋው ሲል ክንዴን እስከ ክርኔ አስገባሁበት።

«እህቴ፣ እጅሽን አውጪ። የምሳ ሰዓት ነው» አለ የመዝገብ ክፍሉ ሰውዬ።

«ከፈለጉ ይቁረጡት! ፋይሉን ሳላይ ንቅንቅ አልልም።»

ጎልማሳ ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሌላ ቀን ቢሆን፣ ጸጉሩን ማን እንዲህ እንደጨፈጨፈበት እጠይቀው ነበር፤ ጸጉር ሠሪ ነኝና አላስችል ይለኛል። ዛሬ ግን ቀልዴም ጠፍቶብኛል።

የእህቴ ልጅ ሆስፒታል ተኝቷል። ገና አምስት ዓመቱ ነው። የሳምባ ምች ነው ብለው መርፌ ጀመሩለት፤ በተወጋ ቁጥር ግን ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ትናንትማ ትንፋሹ ሁሉ ጠፍቶብን ነበር። ሐኪሙ «ከትኩሳቱ ነው» ይላል። እዚያው ክፍል የተኙት ሌሎቹም ልጆች እንደዚያው ናቸው። ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ኮሪደር ላይ ወደ ጥግ ሳብ አደረገኝና፣ «መርፌውን የሚያመርተው ፋብሪካ ተፈትሿል ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ። «ውጤቱ መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አለ፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማህተም ያለበት ነገር አምጪልኝ፣ ዛሬውኑ በሌላ መድኃኒት እቀይርልሻለሁ። በወሬ ግን አልችልም፣ ያባርሩኛል።» ቀጣዩ መርፌ ከምሳ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ በሞቴ!» አልኩት ሰውዬውን። «ለሕዝብ ክፍት ነው ብላችሁ በሩ ላይ ለጥፋችሁ የለ እንዴ?»

«ክፍት ነው። ይሄኛው ግን ገና አልተከፈተም።»

«እንዴት ማለት?»

«ፋብሪካው መልስ አልሰጠማ። ተቆጣጣሪዎቹ የጻፉት መጀመሪያ ለፋብሪካው ይላካል። እሱ መልሱን ሲልክ ሁለቱ አንድ ላይ ይታሰሩና ለሕዝብ ይከፈታሉ። አሠራራችን ነው።»

«ካልመለሰስ?»

«እስኪመልስ ይጠበቃል።»

«ዕድሜ ልኩን ዝም ቢልስ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ምን ላድርግ እህቴ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁት።»

ደሜ ፈላ። «ሌባው ‹አዎ ሰርቄአለሁ› እስኪል ድረስ ሱቁ መዘረፉ አይነገርም በሉኛ!» ብዬ ጮኽኩበት። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ብዬ ሳየው ሳቁን ዋጠ።

ጩኸቱ አላዋጣኝም። እኔ ለማንም እንባዬን የማላሳይ ሴትዮ፣ እያለቀስኩ ለመንኩት። «ልጅ የለዎትም?» አልኩት።

«አለኝ እንጂ። ሥራዬን የምፈራው ለእነሱ ብዬ አይደል?» አለ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰድቤው እወጣ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት። «እትዬ፣ ሲስተሯ ዛሬ ቀድማ መጣች! ትሪውን ይዛ ከወዲያኛው አልጋ ጀምራለች። ምን ልበላት?»

«አቆዪያት! አልቅሺ፣ መሬት ላይ ተንከባለዪ፣ ያሻሽን አድርጊ፣ ብቻ አቆዪያት!»

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። የምለው አልቆብኝ ነበር፤ አፌ ያመጣልኝን ጠየቅኩት። «ፍተሻው ላይ ምንም ጉድለት ባይገኝስ? ያኔም መልስ ይጠበቃል?»

«ያኔማ ለምን ብሎ ይመልሳል? ጉድለት ካልተገኘበት በማግስቱ ይከፈታል።»

አለና አፉን በእጁ ያዘ። ተያየን። ጉድለት መገኘቱን በገዛ አፉ እንደነገረኝ እሱም ገባው፤ ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«እሺ» አልኩት ቀስ ብዬ። «ፋይሉን አልፈልግም፣ አይክፈቱት። መከልከሌን ግን በጽሑፍ ይስጡኝ፣ ከነምክንያቱ። እሱስ ይከለከላል?»

እሱ አይከለከልም። ሰውዬው በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ኧረ እጁ ሲንቀረፈፍ! ‹ቶሎ ይበሉ› እንዳልል ከንፈሬን ነከስኩ። ማህተሙን ሁለቴ መታው፤ የመጀመሪያው አልታይ ብሎ ነው።

ወረቀቱን ከእጁ መንጭቄ እዚያው ቆሜ ደወልኩ። «ድምፁን ክፈቺውና ለሲስተሯ አስጠጊላት» አልኳት እህቴን። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «የመርፌ መድኃኒቱ አምራች ፋብሪካ፣ በፍተሻ ለተገኙበት ጉድለቶች እስካሁን መልስ ስላልሰጠ፣ የፍተሻው መዝገብ ለአመልካቿ ሊሰጥ አልቻለም።»



«ማህተም አለው?» አለች ሲስተሯ።

«አለው! ፎቶ አንስቼ አሁኑኑ እልክልሻለሁ።»

ትሪው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። «ፋርማሲስቱን ጥሩልኝ። ይሄን ልጅ አልወጋውም» አለች። እህቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ግንባሬን የመስኮቱ መስታወት ላይ ደገፍ አድርጌ «ተመስገን» አልኩ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። የማላውቃት ሴት ናት፣ ስልኩን ከእህቴ ተቀብላ መሆን አለበት።

«እህቴ፣ እኔ የወዲያኛው አልጋ ነኝ። የኔው ልጅ አሁን ተወጋ። መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ለተወጋ ምን አድርጉ ይላል? ቀጥሎ ያለውን አንብቢልኝ።»

ከመስመሩ በታች ፊርማና ማህተም ነው ያለው። ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

«አንብቢልኝ እንጂ» አለች። «እየሰማሁሽ ነው።»