የተዘለለው መስመር

ልጅቷ የሐኪም ጽሑፍ እንደማያቅታት ለእናቷ ምላ ነግራታለች። ሆስፒታል ውስጥ እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷን የምርመራ ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል ላልቆጠረችው እናቷ ታስረዳ ጀመር። "ይኸውልሽ እማዬ፣ ሴል ሲበላሽ 'በቃህ፣ ሙት' ብሎ የሚያዘው ጂን አለ። ዘበኛ በይው። ያንቺ ዘበኛ ሥራውን ትቷል። የተበላሹት ሴሎች መሞቱን እምቢ ብለው ይራባሉ፤ ዕጢሽ እሱ ነው።"

"ሰነፍ ዘበኛ ነዋ የደረሰኝ" አለች እናቷ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

የልጅቷ ጣት የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ጉድለቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ስለሚችል ልጅቷም ደሟ ይታይ ይላል። ይህን ብትሰማ እናቷ እስክትሞት ራሷን ትወቅሳለች። ወረቀቱን አጠፈችው። "አለቀ" አለች።

እናቷ የልጇን እጅጌ ጎትታ እስከ ክርኗ ድረስ ቀስ እያለች ጠቀለለችላት። አንዲት ነርስም መርፌና ባዶ ብልቃጥ ይዛ ገባችና በቀጥታ ወደ ልጅቷ መጣች።

"የታመመችው እኮ እሷ ናት፤ እኔ ምን አገባኝ?" አለች ልጅቷ።

"ሐኪሙ ጠዋት ነግሮኛል" አለች እናቷ። "አንባቢ ነኝ ባይዋ፣ መስመር ዘለልሽ። ክንድሽን ዘርጊ።"