የቀበሌው መዝገብ

በፊሊፒንስ፣ ኢሎኢሎ ከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ ባሎቻቸውን የገደሉ ሁለት ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዳኛው ሮዛልን በነፃ አሰናበቷት፤ ባሏ ሰባት ጊዜ እንደደበደባት የቀበሌው መዝገብ መሰከረላት። ተራዋን የምትጠብቀው ፌሊሳ በቅናት አረረች። እሷ ፊቷ በበለዘ ቁጥር በፓውደር ሸፍና፣ "ደረጃ አዳልጦኝ ነው" እያለች ነበር የኖረችው።

ሮዛል እያለቀሰች ፌሊሳ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "እትዬ፣ ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ!"

"ዞር በይልኝ! የኔንስ ማን ጻፈልኝ?" አለቻት ፌሊሳ።

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነበር። ሰባቱንም አቤቱታ የጻፈችው የቀበሌው ጸሐፊ፣ ራሷ ፌሊሳ ነበረች። የስድስቱ ፊደል ቀጥ ብሎ ተሰድሯል፤ የሰባተኛው ግን ተንጋዷል። ያን ዕለት ጠዋት የፌሊሳ ባል ጣቷን ሰብሮት ነበር።